ባሮ ዳር የተቆጠረው ጣፊያ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት የሱዳን ወሰን ውል አንዲት ስለ ንግድ የምትናገር አንቀጽ ነበረችው። በዚች አንቀጽ መሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር፣ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ፈቀዱ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 ጋምቤላ ላይ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባና ባሮ በሞላ ቁጥር የካርቱም መርከብ ጨውና ጨርቅ ጭና ትመጣ፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭና ትመለስ ነበር። በ1928 ጣሊያን መጣ፤ በመጋቢት 1933 ከቤልጅግ ኮንጎ የተነሣ ጦር ጋምቤላን ከጣሊያን አስለቀቀ፤ ሱዳን ነፃ ስትወጣም በ1949 ዓ.ም. መባቻ ላይ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

የጋምቤላ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ይኸው ነው፤ ውሉ፣ መርከቡ፣ ቡናው፣ ጦሩ። ነገር ግን በዚያው ወንዝ ዳር ሌላ ታሪክም ነበረ። እሱ ፊርማና ማኅተም የለውም። የተጻፈው በሰው ደም ውስጥ ነው፤ ጸሐፊዋም አንዲት ትንኝ ናት። ዘር ከልጓም ይስባል ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ጽሑፍ በደም ስለሚወረስ ነገር፣ ይህም ውርስ በሕፃናት የመከላከያ ኃይል ላይ ስለሚያደርሰው ጥፋት፣ ጥፋቱም በወባ አገር ለምን ሳይታይ እንደሚቀር የሚያወሳ ነው።

የጣፊያ ቆጣሪዎች

ደገኛ ቆላን ይፈራል። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ንዳድ የሚባለው በሽታ ከደጋ የወረደውን መንገደኛ፣ ነጋዴና ወታደር በየወንዙ ዳር ሲያስቀረው ኖሯል። በሽታው ቆላውን አልፎ ወደ ወይና ደጋው በወጣ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ታይቷል። በዚያ ዓመት ክረምትና መፀው በደረሰው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ከዚያ አስቀድሞ በሃምሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ ዲዲቲ በቤት ግድግዳ ላይ እየተረጨ ከተሞከረባቸው የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ጋምቤላ ነበር።

እነዚያ የወባ ሰዎች አንድ መንደር ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ቀላል ነው። ሕፃናቱን አሰልፈው፣ በግራ ጎናቸው ከጎድን አጥንት ሥር ጣታቸውን አስገብተው ጣፊያቸውን ይዳስሳሉ። ያበጠ ጣፊያ ያለው ልጅ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1950 ካምፓላ ላይ የተሰበሰቡት የወባ ሊቃውንት አንድ አገር ምን ያህል ወባ እንደ ጠናበት የሚለካው በዚሁ እንዲሆን ተስማምተዋል። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 10 ዓመት ከሆነ ልጆች ውስጥ ጣፊያቸው ያበጠው ከ10 በመቶ የማይበልጡ ከሆነ ወባው ቀላል፣ ከ50 በመቶ በላይ ከሆኑ ብርቱ፣ ዘወትር ከ75 በመቶ በላይ ከሆኑ ደግሞ የጸና ተባለ። የሕፃናት ጣፊያ የወባ ሚዛን ሆነ ማለት ነው።

በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዓመታት ክራፍሱርና አርምስትሮንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ጋምቤላ ላይ ትንኟንና በሽታውን በቅርብ አጠኑ። ክራፍሱር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች ጋራ በአባይ ስም የምትጠራ አኖፊለስ ኒሊ የተባለች ትንኝ ጋምቤላ ውስጥ ወባ አስተላላፊ መሆኗን አሳየ። ይቺ ትንኝ እንደ ሌሎቹ በቆመ ውሃ ሳይሆን በወራጅ ወንዝ ጠርዝ፣ በሣርና በቅጠል ሥር የምትፈለፈል ናት። ባሮም፣ ጊሎም፣ አልዌሮም ለርሷ ቤት ናቸው። አርምስትሮንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ጥናት ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በኢትዮጵያ ውስጥ ሁሉን ሰው እኩል እንደማይዝ አመለከተ። ከደገኛው ይልቅ የናይሎት ዘር ያላቸው የቆላው ሰዎች ይቋቋሙታል። ምክንያቱ ትምህርት ወይም ልማድ አይደለም። ምክንያቱ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ገጽ ላይ ጥገኛዋ ተሕዋስ የምትገባበት በር አለመኖሩ ነው፤ ይህም ከአባትና ከእናት የተወረሰ ነው።

እንግዲህ ደም ራሱ ወባን ሊከላከል እንደሚችል ተገነዘብን። ጥያቄው ለዚህ መከላከያ የሚከፈል ዋጋ አለ ወይ? የሚል ነው። አለ። ከሁሉ የከበደው ዋጋ የተከፈለበትን ታሪክ ለማግኘት ግን ከባሮ ዳር እስከ ቺካጎ መሄድ ያስፈልጋል።

ማጭድ የመሰለው ሕዋስ

የጋምቤላ ጣቢያ በተከፈተበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1904 ዋልተር ክሌመንት ኖኤል የሚባል ወጣት ከካሪቢያን ደሴት ከግሬናዳ ተነሥቶ የጥርስ ሕክምና ሊማር ቺካጎ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ታመመና ሆስፒታል ተኛ። ተለማማጁ ሐኪም ኧርነስት አይረንስ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ክብ መሆን የሚገባቸው ቀይ ሕዋሳት ቀጥነውና ጎብጠው ማጭድ መስለው አገኛቸው። አለቃው ጄምስ ሄሪክ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1910 አሳተመ። ኖኤል ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባ፤ በሙያውም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ግን ገና በ32 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። በሕክምና መጽሐፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው የማጭድ ሕዋስ በሽተኛ የሞተው በሳንባ ምች መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ኋላ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. በ1949 ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በሽታው ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ የደረሰ ለውጥ መሆኑን አስረዱ። በዚያው ዓመት ውርሱ እንዴት እንደሚተላለፍ ተገለጸ። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወሰደ ልጅ ተሸካሚ ይባላል፤ በአብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ከሁለቱም ወላጆች የወሰደው ግን በሽተኛ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል ልጁ በሽተኛ፣ ከ4 ሁለት ዕድል ተሸካሚ፣ ከ4 አንድ ዕድል ፍጹም ነፃ ይሆናል። ቤተሰቡ ይህን ካላወቀ ግን ሕመሙ ያለ ምክንያት አንዱን ልጅ እየዘለለ ሌላውን የሚይዝ ይመስለዋል፤ ቡዳ ወይም እርግማን ነው ቢል ምን ይፈረድበታል?

እንዲህ ያለ ገዳይ ውርስ እንዴት በአፍሪካ ውስጥ ሊበዛ ቻለ? ለዚህ መልስ የሰጠው ኬንያ ያደገው አንቶኒ አሊሰን ነው። በሽታው የበዛበት ቦታና ወባ የጸናበት ቦታ አንድ መሆኑን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ የተረከው አንዱ ሙከራ ዛሬ ቢሆን የሚፈቅድለት አይገኝም። 30 የሉኦ ተወላጆችን ፈቃደኛ አድርጎ በወባ አስለከፋቸው። ተሸካሚ ካልነበሩት 15 ሰዎች 14ቱ ታመሙ፤ ተሸካሚ ከነበሩት 15 ግን 2 ብቻ። ስለዚህ ተሸካሚው ልጅ ከወባ ይተርፋል፣ ያድጋል፣ ይወልዳል። ወንድሙ በሽተኛው ደግሞ ስለርሱ መትረፍ ዋጋውን ይከፍላል።

ሉኦዎች እነማን ናቸው? ቋንቋቸው ከአኝዋ ቋንቋ ጋራ አንድ ግንድ ያለው፣ በጥንት ጊዜ ከአባይ ሸለቆ ተነሥተው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የወረዱ ሕዝብ ናቸው። በዚያው እ.ኤ.አ. 1954 ፎይና ጓደኞቹ የኬንያንና የደቡብ ሱዳንን ነገዶች ደም መርምረው ባወጡት ጽሑፍ የተሸካሚው ቁጥር ከነገድ ነገድ እጅግ እንደሚለያይ ገለጹ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። የውርሱን መጠን የሚወስነው የነገድ ስም ሳይሆን አያት ቅድመ አያቶች ምን ያህል ትውልድ፣ ምን ዓይነት ትንኝ ባለበት አገር፣ ከማን ጋራ እየተጋቡ ኖሩ የሚለው ነው። የወባን ካርታና የማጭድ ሕዋስን ካርታ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ወባ የማይደርስበት ደጋማው ኢትዮጵያ ከሰፊው የአፍሪካ ቆላ ተነጥሎ የቆመ ደሴት ሆኖ ያገኘዋል። ጋምቤላ ከደሴቱ ግርጌ፣ ከቆላው ባሕር ውስጥ ናት።

የጠፉት ልጆች

በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዓመታት በአፍሪካ የሚሠሩ የቅኝ ገዢ ሐኪሞችን አንድ እንቆቅልሽ ያስጨንቃቸው ነበር። ኡጋንዳ ውስጥ ሌማንና ሬፐር ሕዝቡን ሲመረምሩ በአንዳንድ ቦታ ከ100 ሰው ከ40 የማያንሰው ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ተሸካሚ ካለ በሂሳቡ መሠረት ብዙ በሽተኛ መኖር አለበት። ሆኖም በሽተኛው በሆስፒታል እምብዛም አይታይም። አንዳንዶቹ በሽታው ጥቁር አሜሪካውያንን እንጂ አፍሪካውያንን አያጠቃም እስከ ማለት ደረሱ። ምክንያቱም የአሜሪካኑ ጥቁር ከነጭ ጋራ በመደባለቁ ነው የሚል መላ ምት ቀረበ። ዘረኝነት የሳይንስ ካባ ሲደርብ እንዲህ ነው።

መልሱ ቀላልና መራራ ነበር። በቤልጅግ ኮንጎ የሠሩት ባልና ሚስቱ ላምቦት ለግራንና ቫንደፒት የሚባለው ሐኪም እንዳሳዩት በሽተኞቹ ነበሩ። ተወልደው ነበር። ነገር ግን ዓመት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። የሚሞቱትም «ወባ» ወይም «የሳንባ ምች» ወይም «ትኩሳት» ተብለው ነው። አዋቂ እየፈለገ የሚቆጥር ቆጣሪ ሳያድግ የሞተውን ሕፃን ሊያገኘው አይችልም። ዛሬም ቢሆን ያለ ምርመራና ያለ ሕክምና በሚቀሩባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች በዚህ በሽታ ከሚወለዱት ሕፃናት ከ50 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት 5 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ይገመታል።

እነዚህ ሕፃናት ለምን ይህን ያህል ይሞታሉ? ሕመሙ የደም ማነስ ነው፤ የአጥንት ቁርጥማት ነው፤ እጅና እግር ማበጥ ነው። እነዚህ ሁሉ ያሠቃያሉ እንጂ በአንድ ሌሊት አይገድሉም። በአንድ ሌሊት የሚገድለው ሌላ ነው። ወደ ጣፊያ የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው።

ያለ ዘበኛ የቀረ ቤት

ጣፊያ በሕዝብ ዘንድ ብዙም የማይከበር የሰውነት ክፍል ነው። ልብ ስለ ፍቅር፣ ሆድ ስለ ምሥጢር፣ አንጀት ስለ ርኅራኄ ሲነሡ ጣፊያ የሚነሣው ሲታመም ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ጎንን በጋለ ብረት መተኮስ በብዙ ቦታ የተለመደ መድኃኒት ነበር። ሥራው ግን ታላቅ ነው። ደም በጣፊያ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ጠባብ ወንፊት ባለ መንገድ ይጣራል። ያረጀ ሕዋስ እዚያ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወፍራም ሽፋን የለበሱ ባክቴሪያዎች፣ ማለትም የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ጠንቅ የሆነው ኒሞኮከስና መሰሎቹ፣ የሚያዙት በዚህ ወንፊት ነው። ሕፃን ልጅ ከነዚህ ጋራ ገና ስላልተዋወቀ በደሙ ውስጥ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል የለውም። አዋቂን የሚጠብቀው የቀድሞ ልምዱ ሲሆን ሕፃንን የሚጠብቀው ጣፊያው ነው።

አሁን ማጭድ የመሰሉትን ሕዋሳት በዚያ ወንፊት ውስጥ እናሳልፍ። ጠንካራና ጎባጣ ስለሆኑ አያልፉም፤ ይሰካሉ፤ መንገዱን ይዘጋሉ። ደም ያልደረሰው የጣፊያ ሥጋ በጥቂት በጥቂቱ ይሞታል። መጀመሪያ ጣፊያው ያብጣል፤ ቀጥሎ ይጠባሳል፤ በመጨረሻ ተኮማትሮ ምንም ይሆናል። ቢላዋ ሳይነካው ራሱን ያስወገደ ጣፊያ ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ጊዜው ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ነው። ጃኔት ዋትሰን የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 እንደ ተገነዘበችው በማኅፀን የነበረው የሄሞግሎቢን ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይከላከልለታል። ያ ሄሞግሎቢን እየቀነሰ ሲሄድ፣ ከ4ኛውና ከ6ኛው ወር ጀምሮ፣ ጣፊያው መታወክ ይጀምራል። ይህ ደግሞ ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል የሚያልቅበት ወቅት ነው። አንዱ ዘበኛ ሲሰናበት ሌላው ይሞታል፤ ቤቱም ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ሐኪሞች ይህን የተረዱት ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ አሜሪካውያን በሌላ ምክንያት ጣፊያቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው ሕፃናት በብርቱ ልክፍት እንደሚጠቁ አስጠነቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ፒርሰንና ባልደረቦቹ የማጭድ ሕዋስ ሕፃናትን በጨረር መሣሪያ መረመሩ። ጣፊያቸው በእጅ ሲዳሰስ ትልቅ ነው፤ በመሣሪያው ሲታይ ግን ከደም ውስጥ ምንም ነገር አያጣራም። መጠኑ አለ፣ ሥራው የለም። በዓመቱ እንዳረጋገጡት ጤነኛ ደም ሲሰጣቸው ሥራው ለጊዜው ይመለሳል። ስለዚህ ያበጠ ጣፊያ የጤነኛ ጣፊያ ምልክት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የሌለ ጣፊያ ጭምብል ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ኖኤል በ32 ዓመቱ በሳንባ ምች መሞቱም በዚህ ብርሃን ሲታይ ሌላ ትርጉም ያገኛል።

የ5 ሣንቲም መድኃኒት

ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የታተመው ጥናት በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ድል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉ 215 ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። 105ቱ በቀን ሁለት ጊዜ ተራ ፔኒሲሊን እንዲውጡ ተደረገ። 110ሩ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ወሰዱ። አምሳያውን ከወሰዱት 13 ሕፃናት በኒሞኮከስ ሲለከፉ 3ቱ ሞቱ፤ ፔኒሲሊን ከወሰዱት የተለከፉት 2 ብቻ ሲሆኑ የሞተ የለም። ልዩነቱ ይህን ያህል ጎልቶ ስለ ታየ ጥናቱ ከተያዘለት ጊዜ 8 ወር ቀድሞ ቆመ። ሌሎቹንም መድኃኒት ነፍጎ መቀጠል ኃጢአት ይሆን ነበርና። ፔኒሲሊን በዓለም ከታወቁት እጅግ ርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው። የጎደለው መድኃኒቱ ሳይሆን ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጥ ማወቅ ነበር፤ ለዚህም ልጅ እንደ ተወለደ ደሙን መመርመር ግድ ሆነ።

ከዚህ ሌላ የጃማይካ ሐኪሞች ያደረጉት ነገር አለ። በዚህ በሽታ ውስጥ ደም በድንገት ወደ ጣፊያ ተከማችቶ ሕፃኑን በሰዓታት ውስጥ የሚገድልበት ጊዜ አለ። በግራሃም ሰርጀንት የተመራው የኪንግስተን ቡድን ለእናቶች የልጃቸውን ጣፊያ በየቀኑ በእጃቸው መዳሰስን አስተማራቸው። ካበጠ ወደ ሐኪም ይሮጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 እንደ ተገለጸው በዚህ ምክንያት የሚሞቱት ሕፃናት እጅግ ቀነሱ። የጋምቤላ የወባ ሰዎች ለቁጥር የተጠቀሙበትን የእጅ ዘዴ የጃማይካ እናቶች ለሕይወት ተጠቀሙበት።

«ይህ የአሜሪካና የጃማይካ ነው፤ በአፍሪካ የሚገድላቸው ወባው ነው» የሚሉ ነበሩ። ክርክሩን የዘጋው ከኬንያ ጠረፍ ከኪሊፊ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናት ነው። የማጭድ ሕዋስ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ባክቴሪያ ወደ ደማቸው የመግባቱ አደጋ ከሌሎቹ 26 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከተያዙት ባክቴሪያዎች 41 በመቶው ኒሞኮከስ፣ 18 በመቶው ሳልሞኔላ ነበር። ወባም ቢሆን አይምራቸውም። ተሸካሚው ወንድማቸው ከወባ ሲጠበቅ እነርሱ ግን አንዴ በጽኑ ወባ ከተያዙ ቶሎ ይሞታሉ። ደማቸው አስቀድሞ ያነሰ፣ ጣፊያቸውም የታመመ ነውና።

ወባ የሚለው ስም

ወደ ባሮ ዳር እንመለስ። አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል እንበል። ደም አንሶታል፤ ዓይኑ ቢጫ ነው፤ ጣፊያው አብጧል። ደሙ ሲታይ የወባ ተሕዋስ ተገኘበት። ባለሙያው «ወባ» ብሎ ይጽፋል። አልተሳሳተም። ነገር ግን ወባ በጸናበት አገር ተሕዋሱ በጤነኛ ልጅ ደም ውስጥም ስለሚገኝ መገኘቱ ብቻ የትኩሳቱ ምንጭ እርሱ ነው አያሰኝም። ከማጭድ ሕዋስ ምልክቶች ብዙዎቹ፣ ደም ማነሱም፣ ቢጫው ዓይንም፣ ጣፊያውም፣ ትኩሳቱም፣ የወባም ምልክት ናቸው። ሌላው ዓለም ውስጥ በሽታውን ከሚያጋልጠው ነገር ብዙው እዚህ ይሸፍነዋል። ልጁ የወባ መድኃኒት ወስዶ ቤቱ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ቀን በደሙ የነበረው ባክቴሪያ ይገድለዋል። መዝገቡም «በወባ ሞተ» ይላል። የኡጋንዳና የኮንጎ ሐኪሞች እንቆቅልሽ ይኸው ነበር።

ጋምቤላ ደግሞ የአንድ ደም አገር አይደለችም። አኝዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው አለ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በሠፈራ ከትግራይ፣ ከወሎና ከደቡብ የመጣው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ አለ። እርሱ ለወባ ምንም የደም ውርስ መከላከያ ሳይኖረው በአንድ ክረምት ቆላ ወርዶ ብዙ ሰው ቀበረ። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት በፓጋክና በአኮቦ በኩል እየተሻገረ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኝየል የሠፈረው ስደተኛ ከ300,000 በላይ ሆኗል። በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ የተሰለፉ አምስት ሕፃናት አምስት ዓይነት የደም ታሪክ ይዘው ሊቀርቡ ይችላሉ። በጋምቤላ ሆስፒታል የወባ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባለው የቀይ ደም ሕዋስ ጠባቂ ንጥረ ነገር ጉድለት ከደገኞቹ ይልቅ በአኝዋና በኑዌር ዘንድ ብዙ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠውን ፕሪማክዊን ሲወስድ ደሙ ሊፈርስ ይችላል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ የሚሆነው በደም ውርስ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ደም ይመርመር ማለት ተገቢ ነው። ግን አንድ አደጋ አለ፤ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ደም በሚለው ቃል ሰው በተጋደለበት አገር ስለ ደም ውርስ መናገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሜሪካኖች ይህን ሳይጠነቀቁ ቀርተው ተጎድተዋል። ታላቁ ፖሊንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ተሸካሚዎች እንዳይጋቡ ግንባራቸው ላይ ይነቀሱ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በሰባዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ግዛቶች ጥቁሮች በሕግ ተገድደው ተመረመሩ፤ ተሸካሚ ከሆኑትም ጤነኞች ሆነው ሳለ ሥራና ኢንሹራንስ የተከለከሉ ነበሩ። የአየር ኃይሉ አካዳሚ ተሸካሚዎችን እስከ 1981 አይቀበልም ነበር። መርማሪው ተሸካሚውን ከበሽተኛው፣ በሽታውንም ከነገዱ ሳይለይ ሲቀር የሚደርሰው ይህ ነው። ምርመራ ለልጁ ፔኒሲሊንና ክትባት የሚያስገኝ ካልሆነ፣ ስም ለጥፎ መመለስ ብቻ ከሆነ፣ ባይደረግ ይሻላል።

በእጅ ያለው

ነገሩ ተስፋ የሌለው አይደለም። በኢትዮጵያ ከሳንባ ምችና ከማጅራት ገትር ጠንቆች አንዱን የሚከላከለው የሂብ ክትባት በ1999 ዓ.ም.፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2004 ዓ.ም. በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ገብተዋል። እነዚህ ለሁሉም ልጅ የሚሰጡ ናቸው፤ ጣፊያው ለሞተበት ልጅ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ናቸው። አንድ የጋምቤላ ሕፃን ወንዝ ሞልቶ፣ መንገድ ተቆርጦ፣ ወይም ቤተሰቡ ከከብት ጋራ ተዘዋውሮ ክትባቱ ቢያመልጠው ጉዳቱ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንጎላ፣ በኮንጎ፣ በኬንያና በኡጋንዳ 606 የማጭድ ሕዋስ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናትም ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የማኅፀኑን ሄሞግሎቢን እየመለሰ ወባ የሚይዛቸውን ጊዜ በግማሽ ያህል፣ ሞታቸውንም ከዚያ በላይ እንደ ቀነሰ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ደግሞ በእንግሊዝና በአሜሪካ የዘር ቅንጣትን በማረም በሽታውን የሚያስቀር ሕክምና ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ለአንድ ሰው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ ለባሮ ዳር ሰው ገና ወሬ ነው።

ወሬ ያልሆነው የቀድሞው ነው፤ ፔኒሲሊኑ፣ ክትባቱ፣ አጎበሩና የእናት እጅ። ከነዚህ አንዱም አዲስ ግኝት አይጠይቅም። የሚጠይቁት ሁለተኛ ጥያቄ ብቻ ነው። ያ ያበጠ ጣፊያ ያለው ልጅ ሲመጣ፣ ወባው ከታከመ በኋላ ትኩሳቱ ለምን ተመላለሰ? ደሙ ለምን ዘወትር ያንሳል? ከርሱ በፊት የተወለዱት እነማን ነበሩ፣ ስንቶቹስ በስንት ዓመታቸው ሞቱ? ብሎ እናቱን መጠየቅ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ።

የካምፓላው ጉባኤ የሕፃናትን ጣፊያ የአገር ሚዛን ካደረገ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሚዛኑ ጠቅሟል፤ ዲዲቲው የት ይረጭ፣ መድኃኒቱ የት ይላክ ለማለት አስችሏል። ይሁንና መንደሩን የሚቆጥር ሰው ልጁን ላያይ ይችላል። ከመቶ ሕፃናት 75ቱ ጣፊያቸው አብጧል ብሎ የሚጽፍ መዝገብ ከ75ቱ መካከል የሁለቱ ወይም የሦስቱ ጣፊያ ያበጠው ሊሞት መሆኑን አይነግረንም። የሌሎቹ ወባው ሲታከም ወደ ልኩ ይመለሳል። የነዚያኞቹም ይቀንሳል፤ ግን ድኖ ሳይሆን አልቆ ነው። ከውጭ ሲዳሰሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ጠብታ ደም ነው፤ እርሱንም ለማየት ሄሪክና አይረንስ እ.ኤ.አ. በ1904 ከነበራቸው ማይክሮስኮፕ እምብዛም የበለጠ መሣሪያ አያስፈልግም።